«ጅማቱ ዳነ»፦ በእንስሳት ጅማት የአልትራሳውንድ ምርመራ የአማርኛ ሙያዊ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

1. መግቢያ

የአንድ ሙያዊ ቃል ብቃት የሚመዘነው በመዝገብ በመስፈሩ ብቻ አይደለም። ቃሉን የሰማ ሰው በሰማው መሠረት የሚወስደው እርምጃ ትክክለኛ መሆኑም መመዘኛ ነው። «ጅማቱ ዳነ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለት ቃላት ብቻ አሉት። ሁለቱም ለማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ግልጽ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ የእንስሳት ሐኪም በአልትራሳውንድ የተመለከተውን የጅማት ጉዳትና የፈውሱን ሂደት ለባለ እንስሳው ለማስረዳት በእነዚህ ሁለት ቃላት ሲገለገል፣ የመጀመሪያው ቃል የትኛው የሰውነት ክፍል እንደተጎዳ አይለይም፤ ሁለተኛው ደግሞ ያልተፈጸመውን ነገር እንደተፈጸመ አድርጎ ይናገራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ከሁለቱ ቃላት ተነሥቶ በዚህ የሙያ መስክ የሚነገሩትን፣ የሚተረጎሙትንና ሊሰየሙ የሚችሉትን ቃላት መመርመር፣ ደካማውን መንቀፍ፣ ብርቱውን ማመልከት ነው።

ጉዳዩ ከቃላት ጥናት ክፍል ወጥቶ ከሕዝብ ኑሮ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ለማሳየት ጅማን መጥቀስ ይበቃል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በዚህች ከተማና በቀበሌዎቿ፣ ከእነዚህም በአንዱ በበቾ ቦሬ፣ የጋሪ ፈረስ የቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። በአጋሮ፣ በሊሙና በጌራ በኩል ደግሞ ጀንፈሉ ከማሳ ወደ መንገድ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በበቅሎና በፈረስ ጀርባ ነው። አገሩ መሪዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩበት የነበረ፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት አባ ጅፋርም በዚህ ዓይነት ስም የታወቁበት አገር ነው። በዚህ ስፍራ «ፈረሱ ድኗል፤ ሥራ ይጀምር» ማለትና «ፈረሱ ማነከሱን ትቷል፤ ጅማቱ ግን ገና ነው» ማለት በቤት ውስጥ እንጀራ መኖርና አለመኖርን የሚወስን ልዩነት አለው።

ችግሩን የሚያባብሰው አንድ ሁኔታ አለ። የከፍተኛ ትምህርታችን ማስተማሪያ እንግሊዝኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በደብረ ዘይት በተቋቋመው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲም ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በተጀመረው የእርሻ ትምህርት ቤት መሠረት ላይ በቆመው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ ተማሪው ስለ ጅማት የሚማረው በውጭ ቋንቋ ነው። ለባለ ጋሪው የሚያስረዳው ግን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ነው። ስለዚህ ትርጉም የሚከናወነው በተርጓሚ ጠረጴዛ ላይ አይደለም። በየክሊኒኩ በር ላይ፣ ፈረሱ በቆመበት፣ ያለ መዝገበ ቃላትና ያለ ጊዜ ይከናወናል። የሙያ ቃላት አዘጋጆች ሥራቸውን በደንብ ካልሠሩ፣ ያልተሠራውን ሥራ የሚሸከመው ይህ ሐኪም ነው።

2. ከቃሉ በፊት ነገሩ

ስያሜ ሰጪ አስቀድሞ የሚሰየመውን ነገር ማወቅ አለበት። በፈረስ የፊት እግር፣ ከጉልበት በታች በቅልጥሙ በስተኋላ፣ ሁለት ታላላቅ ጅማቶች ተደራርበው ይወርዳሉ፤ አንደኛው ለቆዳ የቀረበ፣ ሁለተኛው ከሱ በታች የጠለቀ ነው። ሁለቱም በላይ ካለው ጡንቻ ተነሥተው ከታች ካለው አጥንት ጋር ይያያዛሉ። ከነሱ በስተውስጥ ደግሞ ከአጥንት ተነሥቶ ወደ አጥንት የሚሄድ፣ ቁርጭምጭሚቱን ደግፎ የሚይዝ ሌላ ብርቱ ማሰሪያ አለ። ፈረስ በሮጠና ከባድ ጭነት በሳበ ቁጥር ለቆዳ የቀረበው ጅማት እጅግ ይለጠጣል። ጉዳቱም አዘውትሮ የሚደርሰው በዚሁ ጅማት ላይ ነው።

ጤናማ ጅማት በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ከተጠጋጉ ቃጫዎች የተሠራ ነው። ሲጎዳ ቃጫዎቹ ይበጠሳሉ፤ ደምና ፈሳሽ በመካከላቸው ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ሂደት በሦስት ጊዜያት ይከፈላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት እብጠት፣ ግለትና ሕመም ይታያሉ። ቀጥሎ ለብዙ ሳምንታት የጎደለው ቦታ ባልተስተካከለ፣ በዓይነቱም ከቀድሞው በሚለይ አዲስ ሕብረ ሕዋስ ይሞላል። በመጨረሻም ለብዙ ወራት ያ አዲስ ሕብረ ሕዋስ በመጠነኛና በተቆጣጠሩት እንቅስቃሴ አማካይነት ቀስ በቀስ እየተሰለፈና እየጠነከረ ይሄዳል። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ፈረስ ወደ ሙሉ ሥራው ለመመለስ ከ9 እስከ 12 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ያም ሆኖ በጉዳቱ ቦታ የሚቀረው ጠባሳ የቀድሞውን የመለጠጥ ችሎታ ሙሉ በሙሉ አያገኝም። ማነከሱ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ሊጠፋ ይችላል። የቋንቋው ወጥመድ ያለው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

አልትራሳውንድ የሚጠቅመው ዓይንና እጅ የማይደርሱበትን ይህን ልዩነት ስለሚያሳይ ነው። መሣሪያው የሰው ጆሮ ከሚሰማው ወሰን፣ ማለት በሴኮንድ ከ20,000 ንዝረት በላይ የሆነ ድምፅ ወደ ሰውነት ይልካል። ለጅማት ምርመራ የሚውለው ድምፅ በሴኮንድ ከ7 ሚሊዮን በላይ የሚነዝር ነው። ድምፁ በሕብረ ሕዋሳት ወሰን ላይ እየነጠረ ሲመለስ መሣሪያው የተመለሰውን መጠን ወደ ብርሃን ነጥብ ይለውጣል። የተሰለፉ ቃጫዎች ብዙ ድምፅ ስለሚመልሱ ነጣ ብለው ይታያሉ፤ ፈሳሽ የሞላበት ጉዳት ጥቂት ወይም ምንም ስለማይመልስ ጠቁሮ ይታያል። ሐኪሙ ጅማቱን በአግድምና በቁመት እየተመለከተ ስፋቱን፣ የማሚቶውን መጠንና የቃጫዎቹን አሰላለፍ ይመዘግባል፤ በየሁለትና በየሦስት ወሩም እንደገና ያነጻጽራል። እንቅስቃሴ ሲጨመር የጅማቱ ስፋት ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ፣ ሥራው እንደበዛበት ምልክት አድርጎ ይወስደዋል።

3. «ጅማት»፦ አንድ ስም፣ ሦስት ነገር

በሕዝቡ አነጋገር ጅማት ብዙ ነገር ያቅፋል። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው፣ መልእክት ከአንጎል የሚያመላልሰው ነርቭ፣ ሁሉም ጅማት ሲባሉ ይሰማል። ከሥጋ ቤት እስከ ደጋን ያለው የቃሉ አገልግሎትም የታወቀ ነው። በዕለት ንግግር ይህ ስፋት ጉድለት አይደለም። ሥጋ የሚመትር ሰው ጅማቱን ከነርቭ ለይቶ መጥራት አያስፈልገውም። የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ግን ይህንኑ የቃል ስፋት እንዳለ ወስደው ለሦስቱ የውጭ ቃላት አንድ አቻ ሲሰጡ፣ የዕለት ንግግርን ባሕርይ ወደ ሙያ ቋንቋ አስገብተዋል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ መዝገብ የሕዝቡን አፍ በታማኝነት መዝግቧል ይባል ይሆናል፤ ተርጓሚውን ግን አልረዳም።

ጉዳቱ ከትርጉም ብዥታ ያልፋል። «ጅማቱ ተጎድቷል» የተባለ ባለ ፈረስ ነገሩን ወደ ነርቭ ከወሰደው፣ እግሩ ሽባ ይሆናል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ወደ መገጣጠሚያ ከወሰደው ደግሞ ወለምታ ነው ብሎ ወጌሻ ያሻሽለታል። ሁለቱም ለተበጠሰ ቃጫ የሚበጁ አይደሉም፤ እረፍት የሚያስፈልገው እግር መታሸት ይደርስበታል።

ለዚህ ሦስት መፍትሔዎች ሊታሰቡ ይችላሉ። አንደኛው ወደ ግዕዝ ተመልሶ «ሥርው» የሚለውን ማንሣት ነው። ነገር ግን ሥርው ራሱ የዛፍንም ሥር የሰውነትንም ጅማት የሚሰይም ነው። በአማርኛ የወረሰው «ሥር» ደግሞ ለደም ማስተላለፊያ ተይዟል። ስለዚህ ግዕዙ ብዥታውን አይፈታም፤ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይወስደዋል። በጅማ አካባቢ ሌላም ችግር ይጨመርበታል፤ በኦሮምኛ «ሂዳ» የሚለው ቃል እንደ አማርኛው ሥር ሁሉ የተክል ሥርንም የደም ሥርንም ስለሚሰይም፣ በሥር የተሰየመ ጅማት በዚያ ቋንቋ ሲነገር ወደ ደም ሥር ይዞራል። በአንጻሩ ኦሮምኛ ለጅማት «ሪቡ» የሚል የራሱ ቃል አለው። ጅማትና ሪቡ በቀጥታ ስለሚገጣጠሙ፣ ስያሜያችን በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የሚመላለሰውን ሐኪም መርዳት ካለበት ጅማትን ይዞ መቆየቱ ይመረጣል።

ሁለተኛው መፍትሔ ጅማትን የወል ስም አድርጎ ቅጽል መጨመር ነው፤ «አገናኝ ጅማት»፣ «የጡንቻ ጅማት»፣ «የስሜት ጅማት» እንደማለት። አካሄዱ ሥርዓት ያለው ይመስላል። «አገናኝ» የሚለው ግን ለሁለቱም ስለሚሆን አይለይም፤ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውም አገናኝ ነውና። ረጅም ስም በንግግር መካከል መቆረጡም አይቀርም። ሐኪሙ ቅጽሉን ትቶ ጅማት ሲል እንደገና ወደ ተነሣንበት እንመለሳለን።

ሦስተኛውና የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚደግፈው መንገድ፣ በሙያ ቋንቋ ውስጥ የጅማትን ወሰን ማጥበብ ነው። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ለሚያያይዘው ብቻ ይሁን። ነርቭ የሚለው የውሰት ቃል በሕዝቡ አፍ ስለገባ እዚያው ይጽና፤ የውሰት ቃል እዚህ ላይ የሚደገፈው የሀገሩን ቃል ነፃ ስለሚያወጣ ነው። አጥንትን ከአጥንት ለሚያያይዘው «አያያዥ» የሚል ስም ይሰጠው። «ማሰሪያ» የሚለው ለትርጉሙ የቀረበ ቢሆንም በሕክምና ቦታ ከፋሻ ጋር ይምታታል፤ «የእግሩን ማሰሪያ ፈትሽ» የተባለ ረዳት ጨርቁን ይፈታል። በዚህ አጋጣሚ «ቋንጃ» የሚለውን ቃል መርሳት አይገባም። አማርኛ በኋላ እግር መታጠፊያ በስተኋላ ላለው ብርቱ ጅማት የራሱን ስም ሰጥቶ ይዞ ኖሯል፤ «ቋንጃውን ቆረጠው» ማለትም ጉዳቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የቋንቋው ባለቤቶች ያውቁ እንደነበር ይመሰክራል። እንዲህ ያለውን ትክክለኛ ቃል ትቶ «የኋላ እግር መታጠፊያ ጅማት» ብሎ መጻፍ የራስን ሀብት መናቅ ነው።

4. «ላይኛው»፣ «ጥቁር»፣ «ወፈረ»፦ ቀላል የሚመስሉ ቃላት

የሙያ ቃላት አዘጋጅ አዘውትሮ የሚደክመው በከባዶቹ ቃላት ላይ ነው። ተርጓሚውን የሚጥሉት ግን ቀላል የሚመስሉት ናቸው። ለማሳያ ያህል፣ የአልትራሳውንድ ምርመራ ውጤት እንደሚከተለው በአማርኛ ቀረበ እንበል፦

«በአልትራሳውንድ ሲታይ በላይኛው ጅማት ውስጥ ጥቁር ቁስል ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ቁስሉ ድኗል፤ ጅማቱም ወፍሯል።»

ይህ አንቀጽ አንድም የውጭ ሐረግ አላዘለም፤ ሰዋስዉም አልተዛነፈም። ሆኖም እያንዳንዱ ቁልፍ ቃል ያሳስታል። «ላይኛው» በአማርኛ ከፍታን ያመለክታል፤ እዚህ ላይ የተፈለገው ግን ለቆዳ ቅርብ መሆኑን መናገር ነው። አንባቢው ከጉልበት በላይ ያለውን ጅማት ይፈልጋል። «ውጭኛው» ቢባልም የእግሩን የውጭ ጎን ስለሚያሳስብ አይጠቅምም። «ቆዳ ቀረብ» እና «ጥልቅ» ብሎ ማነጻጸር ግልጽ ነው። ለዚሁ ጅማት «ጣት አጣፊ» የሚለውን ቃል በቃል የተተረጎመ ስም መጨመርም ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ በአካል ጥናት ፈረስ በአንድ ጣት ይቆማል ቢባልም፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ፈረስ ሰኮና እንጂ ጣት የለውም። ለሊቃውንት በሚጻፍ መጽሐፍ ጣት አጣፊ ይጻፍ፤ ለባለ ፈረሱ «የኋለኛው የቅልጥም ጅማት» ይበቃል።

«ጥቁር» የምስሉን እንጂ የሰውነቱን ቀለም አይገልጽም። ከስክሪኑ ርቆ ያለ አንባቢ ግን ጠቁሮ የበሰበሰ ሥጋ ያስባል። «ቁስል» በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ ቆዳው የተገለጠ፣ የሚታጠብና መድኃኒት የሚነሰነስበት ነው። በውስጥ ላለው «ጉዳት» ማለት ይሻላል። ከሁሉ የሚብሰው «ወፍሯል» የሚለው ነው። ስለ ከብትና ስለ ፈረስ ሲነገር መወፈር የመልካም አያያዝ ምልክት ነው፤ ባለ ፈረሱ ደስ ይለዋል። የጅማት መወፈር ግን የእብጠት ወይም የጉዳት ማስጠንቀቂያ ነው። ትክክለኛው አነጋገር «የጅማቱ የአግድም ገጽ ስፋት ጨምሯል» ነው። እዚህም ላይ «የቁራጭ ስፋት» ከሚል አቻ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ቁራጭ የሰማ ሰው ጅማቱ ተቆርጧል ማለት ነው ብሎ ሊረዳ ይችላልና።

በዚሁ ረድፍ «ያተኩሳል» የሚለው ሊጠቀስ ይገባል። የተጎዳ ጅማት በእጅ ሲዳሰስ ይሞቃል። ሐኪሙ «እግሩ ያተኩሳል» ቢል አማርኛው ትክክል ነው። ነገር ግን በሀገራችን ያነከሰን እንስሳ በጋለ ብረት መተኮስ የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመው የብሪስቶል ተመራማሪዎች ጥናት መተኮስ ለፈረስ ጅማት ፈውስ እንደማይረዳ አመልክቷል። የበሽታው ምልክትና ጎጂው መድኃኒት ከአንድ ሥር በሚወጡ ቃላት በተከታታይ ሲጠሩ አንዱ ሌላውን መጥራቱ አይቀርም። «ግለት አለው» ማለት ነገሩን ይገልጻል፤ ልማዱን ግን አይቀሰቅስም።

5. «አልትራሳውንድ»፣ «ልዕለ ድምፅ»፣ «ማሚቶ»

መሣሪያውን በሀገርኛ ቃል ለመሰየም የሚሻ ሰው ቀድሞ የሚደርስበት «ልዕለ ድምፅ» ነው። «ልዕለ» በ«ልዕለ ኃያል» ውስጥ ስለተለመደ ስያሜው እንግዳ አይመስልም። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። ከድምፅ ፍጥነት በላይ ለሚበርር አውሮፕላን ሁኔታም ይኸው «ልዕለ ድምፅ» ቀዳሚ እጩ ነው። አንደኛው የፍጥነት፣ ሌላኛው የንዝረት ብዛት ጉዳይ ሲሆን፣ በአንድ ስም ሲጠሩ ሁለት ሳይንሶች ይጋጫሉ። ከዚህም በላይ ልዕለ በአንባቢው አእምሮ ኃይልንና ታላቅነትን ስለሚያሳድር፣ ጆሮ የማይሰማው ረቂቅ ድምፅ ብርቱ ጩኸት ሆኖ ይታሰባል። ለፊዚክስ ትምህርት «ከመስማት በላይ የሆነ ድምፅ» ብሎ መተርጎምና በዕለት አገልግሎት ሕዝቡ የያዘውን «አልትራሳውንድ» መተው ይሻላል።

የውሰት ቃል ሲገባ የሚያስመሰግነው በአማርኛ ግስ መታጀቡ ነው። ከጣሊያንኛ የመጣው «ራጅ» በ«ራጅ ተነሣ» ውስጥ የሀገር ቃል ሆኗል፤ ይህም ከ«ፎቶ ግራፍ ተነሣ» በተወሰደ አርኣያ ነው። «አልትራሳውንድ ተነሣ» የሚለውም በዚሁ መንገድ ገብቷል። ይሁንና አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። «ተነሣ» የቆመ ምስልን፣ አንድ ጊዜ ተነሥቶ የሚያበቃ ነገርን ያሳያል። የጅማት ክትትል ግን እጁን እያንቀሳቀሰ የሚያይ፣ ከወራት በኋላ እየተመለሰ የሚያነጻጽር ሥራ ነው። ድምፁ ለጅማቱ ቀጥ ብሎ ካልገባ እንኳ ጤነኛው ቃጫ ጨልሞ ስለሚታይ፣ አንድ ምስል ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ «አልትራሳውንድ ታየ» እና «በአልትራሳውንድ ተከታተለ» የሚሉት ለሥራው ይቀርባሉ።

በዚህ መስክ አማርኛ ከማንም የማይበደርበት ቃል ቢኖር «ማሚቶ» ነው። ገደል ማሚቶ ሕዝቡ ለሚመለስ ድምፅ የሰጠው ስም ነው። መሣሪያውም የሚሠራው በዚሁ በሚመለስ ድምፅ ነው። «ነጸብራቅ» የሚል አቻ መስጠት ግን የብርሃንን ቃል ለድምፅ ማዋስ ይሆናል። በ«ማሚቶ» ላይ የሚቀርበው ተቃውሞ ስሙ ተረት ተረት ይሸታል፤ ደግሞም ግስ ስለሌለው አይራባም የሚል ነው። ለመጀመሪያው፣ ሳይንስ ከሕዝብ ስም ቢበደር አያፍርም ማለት ይበቃል። ሁለተኛው ተቃውሞ እውነት ስላለው መልስ ይሻል። መልሱም «አስተጋባ» የሚለው ግስ ነው። የተመለሰው ድምፅ ማሚቶ ይባል፤ የሕብረ ሕዋሱ ድምፅን የመመለስ ጠባይ አስተጋቢነት ይባል። ከዚህ ተነሥቶ ምንም የማይመልሰውን «ማሚቶ አልባ»፣ ጥቂት የሚመልሰውን «አነስተኛ አስተጋቢ»፣ ብዙ የሚመልሰውን «ብርቱ አስተጋቢ» ማለት ይቻላል። «ጥቁር»ና «ነጭ» በስክሪኑ ፊት ለሚነጋገሩ ሐኪሞች ይቆዩ፤ በጽሑፍ ግን አይግቡ።

ከማሚቶ ቀጥሎ «ቃጫ» ይነሣል። ለዚህ «አሰር» ወይም «ጭረት» ሊቀርብ ይችላል። አሰር በአሁኑ አማርኛ ወደ ምግብ አዘንብሏል፤ ጭረት መቧጨርን ያሳስባል። ቃጫ ግን በጅማ ዙሪያ እንሰት የሚፍቅ ሁሉ የሚያውቀው፣ በቁመቱ የተሰለፈ፣ በአንድነቱ ገመድ የሚሆን ነገር ነው። ጤናማ ጅማት በሥርዓት እንደተበጠረ ቃጫ ነው፤ አዲስ የጠገገ ጅማት እንደተጎነጎነና እንደተወሳሰበ ቃጫ ነው። ሐኪሙ ይህን ሲል ባለ ፈረሱ ለምን ጊዜ እንደሚያስፈልግ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይረዳል። ስያሜው ራሱ ግማሹን ትምህርት ይሰጣል።

6. «ዳነ»፣ «ሻረ»፣ «ጠገገ»፣ «አገገመ»

አማርኛ በፈውስ ቃላት ድኻ አይደለም። ሀብቱን አለመለየታችን ነው ያስቸገረው። «ዳነ» የሚለው ግስ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ፍጡር ነው፤ ሰው ዳነ፣ ከብት ዳነ ይባላል። በመንፈሳዊ አነጋገርም መዳን ፍጹም ነው። ግማሽ መዳን አይታሰብም። ስለዚህ ሐኪሙ «እየዳነ ነው» እንኳ ቢል፣ አድማጩ ፍጻሜውን ይይዛል። «ሻረ» የቁስል ነው፤ የነበረው መጥፋቱን ይናገራል፤ የጅማት ጉዳት ግን ጠባሳ ይተዋል እንጂ አይሻርም። «ገጠመ» የአጥንት ነው። «ጠገገ» የቁስል አፍ መድረቅንና መዘጋትን ይገልጻል፤ ከላይ ይዘጋል እንጂ ውስጡ ስለመጽናቱ ዋስትና አይሰጥም። «አገገመ» ደግሞ ከሕመም በኋላ ኃይል እየመለሱ መሄድን የሚያሳይ፣ በባሕርዩ ሂደት ያዘለ ቃል ነው።

ይህን ክፍፍል ከላይ ከተጠቀሱት ሦስት ጊዜያት ጋር ማገናኘት ይቻላል። የመጀመሪያው ጊዜ «የብግነት ጊዜ» ነው። ብግነት ከአማርኛው በገነ ተወስዶ በሕክምና ጽሑፍ የጸና፣ የሀገር ግስ በአግባቡ ከተረባ የውጭ ቃል እንደማያሻ የሚያስረዳ ስያሜ ነው። ሁለተኛው «የመጠገግ ጊዜ» ይባል። ቃሉ የቁስልን ገጽ የሚያመለክት መሆኑ እዚህ ላይ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም፤ የተዘጋ ግን ያልጸና መሆኑን መናገሩ ተፈላጊ ነውና። ሦስተኛው «የመሰለፍ ጊዜ» ቢባል ቃጫዎቹ የሚያደርጉትን በቀጥታ ይገልጻል። ለእንስሳው ጠቅላላ ሁኔታ «ማገገም» ይዋል። «ዳነ» በክትትሉ መጨረሻ፣ ሐኪሙ ፈረሱን ለሙሉ ሥራ በለቀቀበት ቀን ብቻ ይነገር።

ለዚህ ጥብቅ አጠቃቀም ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ሕዝቡ ዳነ የሚለውን ቃል በሰፊው ስለሚጠቀምበት የሙያ ሰው ሊያግደው አይችልም ይባላል። እውነት ነው፤ ማንም የሕዝብን ቃል አያግድም። የተጠየቀው ሐኪሙና ተርጓሚው ራሳቸው ቃሉን ቆጥበው እንዲናገሩ ነው። ባለ ጋሪው «ዳነ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ «ማነከሱን ትቷል፤ ጅማቱ ጠግጓል፤ ቃጫው ገና አልተሰለፈም» የሚል መልስ ቢያገኝ፣ ሦስቱም ግሶች የራሱ ቋንቋ ናቸው። ያልነበረው የእነሱ መለያየት ብቻ ነበር።

7. የተሻሻለው አንቀጽ

ከላይ የተነቀፈው ምሳሌ በእነዚህ ቃላት ሲጻፍ የሚከተለውን ይመስላል፦

«በግራ የፊት እግር ቆዳ ቀረብ ጅማት መሐል ማሚቶ አልባ ጉዳት ታይቶ ነበር። በሦስተኛው ወር ክትትል ማሚቶው በከፊል ተመልሷል፤ የቃጫው አሰላለፍ ግን ገና አልተስተካከለም። የጅማቱ የአግድም ገጽ ስፋት ከባለፈው ምርመራ ወዲህ ጨምሯል። ፈረሱ አያነክስም፤ ነገር ግን በመጠገግ ጊዜ ላይ ስለሚገኝ ጋሪ እንዳይስብ፤ በእግሩ በልክ ይመላለስ።»

አንቀጹ ከመጀመሪያው ይረዝማል። ሆኖም ርዝመቱ ከልዩነቶቹ የመጣ ነው። የመጀመሪያው አጭር የሆነው መለየት የሚገባውን ስላልለየ ነበር።

8. ማጠቃለያ

የቀድሞው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የጀመረው የሙያ ቃላት ስየማ እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ታላቅ ፍሬ አሳይቷል። በ1993 ዓ.ም. የወጣው አማርኛ መዝገበ ቃላትም የሕዝቡን ቃላት ከነፍቻቸው አሰባስቧል። ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚጎድለው ድልድይ ይታያል፤ አንደኛው ከውጭ ቃል ይነሣል፣ ሁለተኛው ከሀገር ቃል ይነሣል፤ አንድ ሙያተኛ በአንድ የሥራ ቀን የሚናገራቸውን ቃላት እርስ በርሳቸው አነጻጽሮ የሚያቀርብ ግን በሁለቱም ዓላማ ውስጥ አልነበረም። ጅማትን ከአያያዥ፣ መጠገግን ከመዳን፣ መወፈርን ከስፋት መጨመር ለይቶ ለማስቀመጥ በፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝር አይበቃም፤ በሙያ መስክ የተቧደነ፣ በምሳሌ አንቀጽ የታጀበ አነስተኛ መዝገብ ያስፈልጋል።

የአልትራሳውንድ መሣሪያ በየእንስሳት ጤና ጣቢያው አይገኝም፤ እንዲያውም ለዚህ ነው ቃላቱ የሚያስፈልጉት። መሣሪያው ያስተማረው ዋና ነገር፣ ማለትም ማነከስ ከጠፋ በኋላ ጅማቱ ለብዙ ወራት ደካማ ሆኖ እንደሚቆይ፣ ያለ መሣሪያ በቃል ብቻ ሊደርስ የሚችል እውቀት ነው። በቾ ቦሬ ላለ ባለ ጋሪ የሚደርሰውም በዚሁ መንገድ ነው። እዚህ የቀረቡት «አያያዥ»፣ «ቆዳ ቀረብ»፣ «ማሚቶ አልባ»፣ «አስተጋቢነት»፣ «ቃጫ»፣ «የመጠገግ ጊዜ» እና «የመሰለፍ ጊዜ» የሚሉት ስያሜዎች በእንስሳት ሐኪሞችና በኦሮምኛ ቋንቋ ባለሙያዎች ፊት ቀርበው፣ በባለ ፈረሶችም ጆሮ ተፈትነው፣ የጸናው እንዲጸና፣ ያልጸናው እንዲጣል ለአንባቢያን ትችት ቀርበዋል።